ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ

እናቴ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል «ባዶዋ ቤት» ነበር የምትላት። ባዶ ግን አልነበረችም። ወንድሜ ኮምፒውተሩን፣ ኪቦርዱን፣ አንድ ማይክራፎን ከነመቆሚያው፣ ቁመታቸው የማይመሳሰል ሁለት ስፒከሮችና አንድ አሮጌ ፍራሽ አስገብቶባት ነበር። ፍራሹ የሚተኛበት አልነበረም፤ የጋሪ ፈረሶች ቃጭልና የጎረቤት ዶሮ ጩኸት እንዳይገባ በሩ ላይ የሚሰቀል ነበር። ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል።

ካርቶኑን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፣ ከአምቦ ገበያ እንቁላል ሻጮች። ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቁኝ ስለማፍር «እናቴ ናት የላከችኝ» ብቻ ብዬ እሄድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ዶሮ እርባታ ጀመረች የሚል ወሬ ተነዛ። አንዲት ጎረቤታችን ሰሃን ይዛ እንቁላል ልትገዛ መጣች። እናቴ ነገሩ ምኑም ባይገባት ሰው ባዶ እጁን መመለስ ስለማትወድ ሽንኩርት ሰጥታ ሸኘቻት።

ይህ የሆነው ሚሌኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዘፈንም መዝሙርም ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሞባይል ሜሞሪ እየተሻገረ ነበር። ኪቦርድ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን ስቱዲዮ ይለው ነበር፤ ወንድሜም እንደዚያው።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት። እናቴ ወገቧን ስትታመም ቤቱን የሚይዝ ሰው አስፈለገ፣ ወንድሜ ደግሞ ትምህርቱን ይወድ ነበር። እኔ ትምህርቱን ባልጠላም ክፍል ውስጥ ተነስቶ መመለሱን እንደ ሞት እፈራው ስለነበር፣ ሰዎች ሲያዝኑልኝ እኔ ያን ያህል አላዘንኩም። እንግዳ ሲመጣ ሻዩን አቅርቤ ጓዳ እገባለሁ። ከጓዳ ሆኜ ግን ሁሉንም እሰማለሁ፤ ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ተቆጥቶ እንደሚስቅ፣ ማን ከልቡ እንደሚስቅ በድምፁ አውቅ ነበር።

ሙዚቃው ውስጥ የገባሁት ወንድሜ ሁለት እጅ ብቻ ስለነበረው ነው። በሁለቱም ኪቦርዱን ሲጫወት ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን ቀይ ክብ የሚጫን ሰው ያስፈልገው ነበር። ጠራኝ፣ ተጫንኩ። ሲጨርስ አቆምኩ። ለብዙ ወራት ሙያዬ ይኸው ነበር። ከዚያ ወንድሜ ነርስነቱን ጨረሰና ጌዶ ተመደበ። ቅዳሜ እየመጣ እሑድ ማታ ይመለሳል። በመካከል ባሉት ቀናት ኮምፒውተሩና እኔ ብቻችንን ቀረን፤ እኔም ቀስ እያልኩ ከቀይዋ ክብ ውጪ ያሉትን መንካት ጀመርኩ።

ፕሮግራሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ፊደሎቹን አነባቸዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆኑ ግን አላውቅም። ስለዚህ እየነካሁ የሚያደርጉትን ሰማሁና የራሴን ስም አወጣሁላቸው። አንዱ ቁልፍ ድምፁን ባዶ ቦታ ውስጥ የሚናገር ያስመስለዋል፤ ልጅ ሳለሁ ባዶ እንስራ ውስጥ ጭንቅላቴን አስገብቼ ስጣራ እንደነበረው ነው፣ ስለዚህ «እንስራ» አልኩት። ሌላው ወፍራሙን ከቀጭኑ ድምፅ ይለያል፤ እሱ «ወንፊት» ሆነ። ሦስተኛው ብዙ አደከመኝ። ድምፁ ሲጮህ ይይዘዋል፣ ሲለዝብ ይለቀዋል። አጎቴ ወንጪ ላይ ሐይቁን ለማየት ለሚመጡ ሰዎች ፈረስ ያከራያል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ገመዱን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ሜዳው ላይ እንዴት እንደሚያላላ ትዝ ሲለኝ ገባኝ። «ልጓም» አልኩት። ወንድሜ ስሞቹን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ራሱ «ልጓሙን ትንሽ አላላለት» ሲል ሰማሁት፣ ለጓደኛው።

አስተማሪም ነበረኝ። የወንድሜ ጓደኛ ከአዲስ አበባ ያመጣው ዲስክ ላይ አንድ ፈረንጅ ተቀምጦ ሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀዱ ድምፆችን ማደባለቅ፣ ያስተምራል። ያ ሰው ብዙ ያወራል። የሚለው ስለማይገባኝ ድምፁን አጥፍቼ የማውሷ ቀስት ኮምፒውተሩ ላይ የት እንደምትሄድ ብቻ አይ ነበር። ወደየትኛው ቁልፍ ሄደች? ስንት ጊዜ ተመለሰች? የት ላይ አመነታች? ከመጀመሪያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ፤ ሰውዬው ሁሉንም ነገር ወደ ታች እያወረደ ያስተካክላልና ገና ሥራ አልጀመረም ብዬ ነው።

በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መዝሙሮቻቸውን በሲዲ ለማውጣት አሰቡ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ መቅዳት ለእነሱ ስለሚከብድ የመዘምራኑ መሪ ወንድሜን አነጋገሩት። መሪው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው፣ እኛም ሁላችን «መምህር» ነው የምንላቸው። ወንድሜ ሙዚቃውን ሊጫወት፣ እኔ ልቀዳ ተስማማን። ማደባለቁና ማሳመሩ የማን እንደሚሆን ማንም አልተናገረም፤ ወንድሜ ጌዶ ስለሆነ በዝምታ የእኔ ሆነ።

እናቴ ግን በዝምታ አላለፈችውም። የኮሌጅ ተማሪዎች ቤት ፍለጋ በየበሩ የሚያንኳኩበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ጎረቤቶቻችን የከብት ማደሪያ ሳይቀር ጠርገው አከራይተዋል። አንድ ቀን እናቴ ምስር እየለቀመች እንዲህ አለችኝ፦

«መዘምራኑ ሥራውን ከተቀበሉት ባዶዋ ቤት እንዳለች ትቆይ። ካልተቀበሉት ለተማሪ ትከራያለች። ዕቃው ጌዶ ይሂድ፣ አንቺም አብረሽው ሂጂና ለወንድምሽ ወጥ ሥሪለት።»

ጌዶን አልጠላትም። ብርዷ ጥርስ ያንቀጫቅጫል እንጂ ገበያዋ ደማቅ ነው። ግን ወንድሜ እዚያ የተከራየው አንድ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢሄድ አልጋው ሥር ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ ማንም ሳያየኝ ሰውን ሁሉ የምሰማበት ቦታ ያገኘሁት በዚያች ክፍል ብቻ ነው። «እሺ» አልኳት።

መቅዳቱ ደስ ይል ነበር። ክፍሏ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ስለምትችል መዘምራኑ ተራ በተራ እየገቡ ለየብቻ ይዘምራሉ። በፕሮግራሙ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መስመር አለው፣ እያንዳንዱ መስመር ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ቁልፍ። ወደ ላይ ሲገፋ ሰውየው ይጮሃል፣ ወደ ታች ሲሳብ ያንሾካሹካል። ከመካከላቸው አስቸጋሪዋ እማማ ነበሩ፤ የመዘምራኑ ታላቅ፣ ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው የጉደርን ፏፏቴ የሚያህል ሴት። ማይክራፎኑ ፊት ቆመው ገና «ሃ» ሲሉ ስፒከሩ ተርገበገበ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልናቸው፣ አልበቃም። በመጨረሻ ከበሩ ውጪ፣ ከፍራሹ ወዲያ ቆመው ዘመሩ። ግቢው ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ ይስቃሉ፣ እሳቸውም በመዝሙሩ መካከል ይስቃሉ፤ ሳቃቸውም ተቀድቷል። የጎረቤት ዶሮም ተቀድቷል።

ችግሩ የመጣው ቀድተን ከጨረስን በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣችው ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ጸሐፊ ናት። በሩን ዘጋ አድርጋ «የእኔ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ለማንም ሳትነግሪ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ» አለችኝ። ከፍ አደረግኩላት። በማግሥቱ የአንዷ ዘማሪ እናት ቆሎ ይዘው መጡ፤ ልጃቸው ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ቀርታ እንደማታውቅ አስረዱኝና «ጢቆ ኦል ካሲ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ትንሽ ከፍ አድርጊያት ማለታቸው ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ፣ ከዚያ የነርሷ እጮኛ፣ ከዚያ ወፍራም ድምፅ የሚዘምረው የጋራዥ ሠራተኛ። ሁሉም በየተራ፣ ሁሉም በሚስጥር፣ ሁሉም ትንሽ ብቻ። ያልመጡት እማማ ብቻ ናቸው። መምጣትም አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ከቅቤ ተራ ሆነው ቢናገሩም እንሰማቸዋለን።

እምቢ ለማለት አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ እሺ ግን በአንገትም ይባላል። እኔ ደግሞ በአንገቴ መናገር የለመድኩ ሰው ነኝ። ሁሉንም ከፍ አደረግኩ። ጸሐፊዋ ከፍ ስትል ነርሷ ጠፋች፤ ነርሷን ሳወጣ ጸሐፊዋ ሰጠመች፤ እሷን እንደገና አወጣሁ። የሁሉም ቁልፍ ጣራ ላይ ሲደርስ በየመስመሩ አናት ቀይ መብራት ይበራ ጀመር። ወንድሜ ስለ ማስተሪንግ ሲነግረኝ «መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ ማስጮህ ነው» ብሎኝ ነበርና የመጨረሻውንም ቁልፍ ጥግ ድረስ ገፋሁት። ቀይ መብራቶቹ ሲደረደሩ እንደ በዓል ዋዜማ ያምሩ ነበር።

ጉደር ላይ ጉባኤ ስለነበር መዘምራኑ አንድ ሚኒባስ ተከራዩ። መምህር ዲስኩን ለሾፌሩ ሰጡት፣ ሁሉም በመንገድ ላይ እንዲሰማው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከነጠላዬ ውስጥ ነበርኩ። የመጀመሪያው መዝሙር ገባ። መጀመሪያ የመኪናው መስታወት ተንጫጫ። ከዚያ ከስፒከሩ የወጣው ነገር መዝሙርም ዝናብም አልነበረም፤ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ጠጠር የሚያፈሱ ይመስል ነበር። ሾፌሩ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አድርጎ አዳመጠና በጣም በትሕትና «መምህር፣ ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» አለ።

ሳቁ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ተቋረጠ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይፈልግ ነበር። ጸሐፊዋ «እኔ የለሁም እኮ» አለች። ነርሷም እሷም እንደሌለች ተናገረች። የጋራዡ ሠራተኛ ለሰባት ወር ልምምድ የወጣሁት ለዚህ ነው ወይ ብሎ አጉረመረመ። የልጅቷ እናት ቆሏቸውን ያስታወሱ መሰለኝ፣ ዞር ብለው አዩኝ። እማማ ብቻ አሁንም ይሰማሉ፤ እሳቸው በስፒከሩ አይደለም፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው እየዘመሩ ነበር።

መምህር ዲስኩን አስወጥተው ወደ ከረጢቱ መለሱት። ጉደር ስንወርድ ለብቻዬ ጠሩኝና አዲስ አበባ የሚያውቁት ባለሙያ እንዳለ፣ ወደዚያ ሊልኩት እንዳሰቡ፣ ሆኖም እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ብሞክር እንደማይቃወሙ ነገሩኝ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ክፉ ቃል ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር። ጉባኤው ላይ ምን እንደተሰበከ አላስታውስም፤ ጌዶ ስላለው አልጋ ሥር ሳስብ ነበር የዋልኩት።

ወንድሜ ያን እሑድ ወደ ጌዶ ሊመለስ ሲሰናዳ ነገሩን ነገርኩት። ማስተሪንግ የእኛ ሥራ እንዳልሆነ፣ ለአዲስ አበባው ሰው መስጠቱ እንደሚሻል፣ የእሱ ክፍልም ለሁለት ሰው እንደማትጠብ ሲያጽናናኝ ቆይቶ ሄደ። አልተጽናናሁም።

ሰኞ ጠዋት የፈረንጁን ዲስክ ከፈትኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለጠፋኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ሁልጊዜ ከማልፈው ቦታ። ሰውዬው ሁሉንም ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ ታች ያወርዳል፤ አንድም ሳይቀር ዜሮ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ አንዱን ብቻ ያነሳል። ያዳምጣል። ሁለተኛውን ያመጣል፣ አሁንም ያዳምጣል። ቀስቷ ወደ ላይ ከምትሄድበት ይልቅ ወደ ታች የምትመለስበት ይበዛል። ሰውዬው ሲሰናዳ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ሥራው ራሱ ነበር።

እኔም ሁሉንም አወረድኩ። ክፍሏ ዝም አለች፤ ከግድግዳው ወዲያ የእናቴ ወንፊት ብቻ ይሰማል፣ የእውነተኛው ወንፊት። መጀመሪያ እማማን አነሳሁ፣ በጣም ትንሽ። ከበር ውጪ ሆነው የዘመሩት ድምፅ ዝቅ ሲል የጉደር ፏፏቴ አልነበረም፤ ሥሩ ደረቅ፣ ላዩ ለስላሳ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ድረስ ማናችንም ሰምተነው አናውቅም፤ መጮሁን ብቻ ነበር የምንሰማው። ከእሳቸው አጠገብ ጸሐፊዋን አቆምኩ። ቀጭንነቷ ጉድለት አልነበረም፣ ከእማማ ድምፅ በላይ እንደ ክር ያልፍ ነበር። የጋራዡን ሠራተኛ ወፍራም ድምፅ በወንፊት ትንሽ ለየሁት። ነርሷን ወደ ግራ፣ ልጅቷን ወደ ቀኝ ወሰድኳት፤ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ አቋቋማቸው። መብራት ሲሄድ እቀመጣለሁ፣ ሲመጣ እቀጥላለሁ። የመጨረሻውንም ቁልፍ ጥግ ድረስ አልገፋሁትም፤ ቀይዋ መብራት ሳትበራ በፊት ተውኩት።

በእኛ ስፒከር ጥሩ ነበር። ግን በእኛ ስፒከር ማንም አይሰማውም። እናቴ ጓዳ ውስጥ ያላት ትንሽ ማጫወቻ ላይ ሞከርኩት፤ እማማ ብዙ ወፈሩ፣ ቀነስኳቸው። የጎረቤት ሞባይል ላይ ሞከርኩት፤ ወፍራም ድምፅ የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም፣ የጋራዡን ሠራተኛ ትንሽ ወደ ቀጭኑ ሳብኩት። ቀሪው የሚኒባሱ ስፒከር ነበር።

ረቡዕ ዲስኩን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ያ ሾፌር ለጉደር ሲጭን አገኘሁትና ምንም ሳልናገር ዲስኩን በመስኮት ሰጠሁት። ዲስኩን አየ፣ እኔን አየ፣ «ወፍጮው ነው?» አለ። ራሴን ነቅንቄ አይደለም አልኩት። ፈገግ ብሎ ከተተው።

ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሲጀምር ተሳፋሪው ስለ ጤፍ ያወራ ነበር፤ ማንም አልሰማውም። ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ በኦሮምኛው፣ ዶሮ ያቀፈች አንዲት ሴት አዝማቹን ማንጎራጎር ጀመረች፤ መዝሙሩን ሳታውቀው ነው፣ አዲስ ነውና። ከዚያ ሾፌሩ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ድምፁን ጨመረው። ሲጨምረው አልተንጫጫም። እማማ ነበሩ፣ ጸሐፊዋ ነበረች፣ ሁሉም ነበሩ። እኔ ዝቅ ካደረግኩ ሰሚው ራሱ ከፍ እንደሚያደርገው ያን ጊዜ ገባኝ። ጉደር ወርጄ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ በሌላ መኪና ወዲያው ተመለስኩ፤ ያዩኝ ሰዎች የረሳሁት ነገር ያለ ሳይመስላቸው አይቀርም።

ግን አምቦ ወሬ አይደበቅባትም። ወፍጮው እየተስተካከለ ነው ሲባል ሰዎቹ እንደገና ተራ ያዙ። ጸሐፊዋ መጣች፣ ነርሷ መጣች፣ የልጅቷ እናት በዚህ ጊዜ ሽምብራ ይዘው መጡ። ሁሉም ትንሽ ብቻ ከፍ እንዳደርግላቸው። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልመጣም። ከቁልፎቹ አንዱን ብነካ ደግሞ ሁሉም ነገር ተመልሶ ወፍጮ ቤት ይሆናል።

ስለዚህ አንድ አዲስ መስመር ከፈትኩ፣ ምንም ሳልቀዳበት። ባዶ ነው፤ ግን እንደ ሌሎቹ የሚንሸራተት ቁልፍ አለው። አንድ ሰው ከፍ አድርጊልኝ ሲለኝ እሺ ብዬ፣ ከፊቱ፣ እያየ፣ የባዶውን መስመር ቁልፍ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ እገፋለሁ። ከዚያ መዝሙሩን አስደምጠዋለሁ። ጸሐፊዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል አዳመጠችና «አሁን ገና ሰው ሆንኩ» አለች። ነርሷ ተጨማሪ ፈለገች፣ ጨመርኩላት። የልጅቷ እናት ዕንባ አቅርረው ልጃቸውን መረቁ፣ እኔንም ጨመሩ። መምህርም ሐሙስ ዕለት መጥተው ለራሳቸው ድምፅ ያንኑ ጠይቀው፣ ያንኑ ሰምተው፣ ረክተው ሄደው ነበር። ባዶው መስመር ጣራ ነካ፤ መዝሙሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ቅዳሜ መምህር ተመለሱ። እሑድ ውሳኔያቸውን ሊናገሩ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ፣ የባለቤታቸውን ድምፅ ትንሽ ከፍ እንዳደርገው ጠየቁኝ። ባለቤታቸው ከመዘምራኑ አንዷ ናቸው፤ ጥሩ ይዘምራሉ፣ ዝግ ያሉ ናቸው። የባዶውን መስመር ቁልፍ ገፋሁ፣ መዝሙሩን ለቀቅኩት። ሌሎቹ ሁሉ ኮምፒውተሩን እያዩ ነበር የሚያዳምጡት። መምህር በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሲያልቅ «አልተነካም» አሉ።

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።

«እጅሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የነካሽው የማንን ነው?»

«የማንንም» አልኩ።

ባዶውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግተው አዩት። «ሐሙስ የእኔን ከፍ ያደረግሽውስ?»

«የእርስዎም እዚያው ነው።»

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ የሄድኩት» አሉ።

ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተቆጡም፤ የሚጠብቁት መልስ ነበር። እኔም ጌዶን አሰብኩ፣ ሚኒባሱን አሰብኩ፣ አፌን ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ ቃሉ መጣ።

«መምህር፣ ባለቤትዎን ከፍ ካደረግኩ ጸሐፊዋ ትጠፋለች። ጸሐፊዋን ካወጣሁ ነርሷ ትጠፋለች። ሁሉንም ካወጣሁ ወፍጮ ቤት ነው። ባለቤትዎ የሚሰሙት እማማ ዝቅ ስላሉላቸው ነው። እባክዎ አያስነኩኝ።»

ከቤተሰቤ ውጪ ላለ ሰው ያን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። መምህር ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና እስቲ በእውነት ከፍ አድርጊውና ልስማው አሉኝ። የባለቤታቸውን ቁልፍ፣ እውነተኛውን፣ ገፋሁት። እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤታቸው ወደ ፊት መጡ፤ የጸሐፊዋ ክር ተቆረጠ፤ እማማ ከኋላ ሆነው ሰው የሚጠሩ መሰሉ። አዝማቹ ሳይደርስ መምህር እጃቸውን አነሱ።

«መልሺው» አሉ። «ለባለቤቴ ከፍ ብሏል እላታለሁ። ውሸትም አይደለም፣ የሆነ ነገር ከፍ ብሏል።»

ከዚያ ለብቻቸው ሳቁ፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ። ፍራሹን ገልጠው ሲወጡ ለአዲስ አበባው ሰው ደውለው እንዳይጠብቀን እንደሚነግሩት አስታወቁኝ።

ሲዲው ወጣ። ገበያው ዳር ያለው ሙዚቃ ቤት በትልቅ ስፒከር ሲያጫውተው ከቅቤ ተራ ፊት ለፊት ነው። አንድ ቀን ቅቤ ልገዛ ተልኬ ቆሜ ሳለ ሦስተኛው መዝሙር መጣ። እማማ ሚዛኑን ይዘው ቀና አሉና አጠገባቸው ያለችውን ሴት፣ ይህቺ እንዲህ ደህና የምትዘምረው ማን ናት ብለው ጠየቁ። ሴትየዋ «አንቺ ነሽ እንጂ» አለቻቸው። እማማ አላመኑም፤ እኔም እንደዚህ ባለ ነገር መካከል አልገባምና ቅቤዬን ይዤ ሄድኩ። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ የምትሰማውን ዶሮ ግን አንድም ሰው ከፍ አድርጊያት ወይም ዝቅ አድርጊያት ያለኝ የለም።

በዚያው ሰሞን የግቢያችን በር ተንኳኳ። ቦርሳ ያንጠለጠለ ተማሪ ነው፣ በጣም ጨዋ፣ ከጀርባ ያለ ባዶ ቤት እንዳላችሁ ሰምቼ ነው ይላል። እኔ ክፍሏ ውስጥ ሌላ ሥራ ይዤ ነበር፤ ከወንጪ መንገድ የመጡ ሙሽሮች የሠርግ ዘፈን። ፍራሹን ትንሽ ገልጬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ቤት የለንም ልጄ» አለችው እናቴ። «ሰው አለበት።»

ተማሪው ሲሄድ ፍራሹን ገልጣ ገባች። ወደዚያች ክፍል እምብዛም አትገባም፤ ወገቧን ይዛ፣ የእንቁላል ካርቶኑን እያየች ቆመች። የሠርጉ ዘፈን ይጫወታል፣ ኪቦርዱን ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ተጫውቶት የሄደ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። «የወንድምሽን ኪቦርድ ግን ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

እጄ በልማድ ወደ ባዶው መስመር ሄደ። ከመግፋቴ በፊት ግን ዘፈኑን ከመጀመሪያው ለቅቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ልክ ነበረች። እውነተኛውን ቁልፍ ያዝኩና ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከፍ አደረግኩት።